ስቱዲዮ ያልመጡት

በጡረታ ስሸኝ ንግግር ያደረገው የቀድሞ አለቃዬ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ከእኔ በፊት ሬዲዮ ጣቢያውን ለቆ የራሱን የኢንተርኔት ቻናል ስለከፈተ፣ የመጣው እንደ ክብር እንግዳ ነው። ማይክሮፎኑን ያዘና «ብርቅነሽ ለእውነት የቆመች ጋዜጠኛ ነበረች» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም የተሸለምኩትን ጋቢ ደርቤ፣ ኬኩን ቆርሼ፣ ለማንም ምንም ሳልል ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዝም ማለት ልማዴ ነው። በሥራ ዘመኔ የሚያንገበግብ ነገር ሲገጥመኝ ወደ ውስጥ ነው የማስገባው። ጡረታዬንም ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው ሰፈሬ፣ ጉለሌ፣ ጎመኔን እየኮተኮትኩ በዝምታ ልጨርሰው ወስኜ ነበር። ያላስቻለኝ ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ዘይነባ ሱቅ ውስጥ የሰማሁት የአንዲት ሴት ድምፅ ነው። ድምፁ የማን እንደሆነና ለምን ከዝምታዬ እንዳስወጣኝ እንዲገባችሁ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

ጣቢያው የገባሁት በታይፒስትነት ነው። ደመወዙ የሚወራ አልነበረም፤ አላወራውም። የሌሎችን ዜና እየመታሁ ስሕተታቸውን ሳርም የታዘበ አንድ ሰው «ይቺን ልጅ ለእኔ ስጡኝ» ብሎ ወደ ጤና ፕሮግራም ወሰደኝ። ጋሽ ወልዴ ይባላል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ በበጋም ዣንጥላ የማይለየው ሰው ነበር። ማንኛውም የጤና ዜና ሲመጣለት ርዕሱን በመዳፉ ሸፍኖ ከመጨረሻው አንቀጽ ነበር ማንበብ የሚጀምረው።

«ለምንድን ነው ከታች የሚጀምሩት?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጸሐፊዎቹ ያፈሩበትን ነገር ከታች ስለሚያስቀምጡት» አለኝ። «ከላይ ‹ተገኘ!› ይላሉ። ከታች ‹ገና በሰው ላይ አልተሞከረም› ይላሉ። አንባቢው ግን እታች ሳይደርስ አውቶቡሱ ይመጣበታል።»

መጀመሪያ ይዤለት የሄድኩትን ዜና እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከውጭ የመጣ ነው። አንድ ቅመም የካንሰር ሕዋስ ገደለ ይላል። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም።

«የት ነው የገደለው?» አለ ጋሽ ወልዴ።

«ላቦራቶሪ ውስጥ።»

«ላቦራቶሪ ውስጥ ማን ላይ?»

«ማንም ላይ አይደለም። ሳህን ላይ ባለ ሕዋስ።»

«ሳህን ላይማ በረኪናም ይገድለዋል። ነገ ጠዋት ‹በረኪና ጠጡ› ብለሽ ታነቢላቸዋለሽ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ያን ቀን ተማርኩ። ሳህን ላይ፣ አይጥ ላይ፣ ሰው ላይ፤ ሦስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዳይደባለቁብኝ ከዚያ ወዲህ ተጠንቅቄያለሁ። ሰው ላይ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄው «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው ምንም ነገር ቢጠጣ በሳምንቱ ይሻለዋል። የደም ግፊትም እንደዚሁ ይወጣል ይወርዳል፤ ሰው መፍትሔ ፍለጋ የሚሮጠው በጣም ከፍ ያለበት ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ሳያደርግ ዝቅ ሊል ይችላል። ያኔ እጁ ላይ የነበረው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን የወሰዱትን ብቻ ሳይሆን ያልወሰዱትንም አሳዩኝ ይላል ጋሽ ወልዴ። «በእጥፍ ይጨምራል» የሚል ዜና ሲመጣም «የምኑ እጥፍ?» ብሎ ይጠይቃል። የጥቂት እጥፍ አሁንም ጥቂት ነው፤ በሬዲዮ ሲነበብ ግን ሰው ያስደነግጣል።

ከጠባዩ ሁሉ ሰው ያሾፍበት የነበረው ግን ሌላ ነው። ጋሽ ወልዴ ለቅሶ ይደርስ ነበር። ሁላችንም እንደርሳለን፤ እሱ ግን የሩቅ ዘመድም ቢሆን፣ የእድርተኛ ጎረቤትም ቢሆን አይቀርም ነበር። ድንኳን ውስጥ ንፍሮውን ይዞ አንድ ጥግ ይቀመጣል። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ሐዘንተኞቹን «ምን አገኛት? ምን አገኘው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። ሐዘንተኛውም እንደገና ከመጀመሪያው ይተርካል። የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሄደች፣ ምን እንደታዘዘላት፣ ማን «ተዪው፣ ይኼን ሞክሪ» እንዳላት፣ መቼ እንዳቆመች። ለሐኪም ያልተነገረው ሁሉ እዚያ ይነገራል።

ጣቢያው ውስጥ «ለቅሶ ደራሹ ጋዜጠኛ» ይሉት ነበር። እኔንም ማስከተል ሲጀምር «ሙሾ አውራጇ መጣች» እባል ጀመር። ይህን ያሉኝ ሰዎች በሕይወት አሉ፤ በበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ይሉኛል፤ እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ። አልረሳሁም።

ጋሽ ወልዴ የሚለው እንዲህ ነበር። «ስቱዲዮ መጥቶ ‹ድኛለሁ› የሚል ሰው የመጣው ስለተሻለው ነው። ያልተሻለው አልጋ ላይ ነው። የሞተው አይመጣም። እነሱን እኛ ነን ሄደን መፈለግ ያለብን።» ለቅሶ ቤት መቅረጫ ይዞ ገብቶ ግን አያውቅም። «እዚህ የሰማሽው ዜና አይደለም፤ የት ሄደሽ እንደምትጠይቂ የሚጠቁምሽ ነው» ይለኛል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች።

ጋሽ ወልዴ ታሞ ሥራ ሲያቆም መግቢያዬ ላይ ያልኳችሁ ሰውዬ አለቃ ሆኖ መጣ። ከማስታወቂያ ሥራ ነው የመጣው፤ በዕድሜ ታናሼ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ እለው ነበር፤ ለማክበር አይደለም፣ ለማራቅ። ብዙም ሳይቆይ የጤና ፕሮግራማችንን ግማሽ ሰዓት ቆርሶ «ምስክር» የሚል ዝግጅት ከፈተበት። ስፖንሰሩ የደም ግፊት የሚያድን ዱቄት አለኝ የሚል ነጋዴ ነው። ነጋዴው «ከእንጦጦ ተራራ ላይ የተለቀመ፣ በጥናት የተረጋገጠ» ይላል። ጥናቱን አምጣ ብዬ ስለምነው አንድ ቀን የዱቄቱን ፎቶ፣ ሌላ ቀን ደግሞ የንግድ ፈቃዱን አመጣልኝ።

«ይኼ ጥናት አይደለም» አልኩት አለቃዬን። «ማን ላይ እንደተሞከረ፣ ከማን ጋር እንደተነጻጸረ የሚነግረን የለም።»

«ብርቅነሽ፣ አድማጭ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ንጽጽር አይደለም» አለኝ። «ሰው አምጪልኝ! የሚስቅ ሰው!»

ሰው መጣ። አምስት ምስክር ተሰልፎ ስቱዲዮ ገባ። ከአምስቱ ሁሉም የወደዳት አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ሳቂታ፣ ድምፅዋ ሻከር ያለ፣ ቃል ሳትጨርስ የምትስቅ። «ክኒኑን ወረወርኩት!» አለች። ሳቀች። «ድኛለሁ! ምኔን ያመኛል?» አለችና ደግማ ሳቀች። ቴክኒሻኑ ሳይቀር ከመስታወቱ ኋላ አብሯት ሳቀ። እኔ ሲወጡ ኮሪደር ላይ ጠብቄ «እትዬ፣ ክኒኑን ሐኪም ነው አቁሚ ያለሽ?» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ነጋዴው ክንዷን ይዞ «መኪና እየጠበቀን ነው» ብሎ ወሰዳት። ድምፅዋ በየሳምንቱ ይደጋገም ጀመር።

ከወራት በኋላ የአንድ እድርተኛችን ባለቤት አረፈች ተባለና ለቅሶ ሄድኩ። ቤቱ ከጉለሌ እጽዋት ማዕከል አጥር ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባልየው ሽብሩ የሚባል ሸማኔ ነው፤ በእድር ስብሰባ በመልክ አውቀዋለሁ፤ ሚስቱን ግን አላውቃትም ብዬ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁ። አስካለ ናት።

አንዲት ሴት ገብታ «ምን አገኛት፣ ጋሽ ሽብሩ?» አለች።

«ምንም» አለ። «ድና ነበር እኮ። ግፊት ነበረባት፤ ዱቄቱን ከያዘች ወዲያ ክኒኑን ትታ ድና ነበር። ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «አንቺ ሬዲዮ ነሽ አይደል? ትናንት እኮ ሰማኋት። ቀብሬያት ስመለስ ታክሲው ውስጥ ሰማኋት። ‹ድኛለሁ› ትላለች። ትስቃለች።»

ንፍሮዬን እንደያዝኩ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።

ሐዘኑ በረድ ሲል፣ በእሱ ፈቃድ፣ ያከማት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ክትትሏን ማቋረጧንና ሆስፒታል ስትገባ ግፊቷ እጅግ ከፍተኛ እንደነበር አረጋገጠልኝ። ከዚያ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«አስካለ ሞታለች» አልኩት። «ድምፅዋን እያሰማን ነው። ዛሬውኑ ይቁም። ነገ ደግሞ ለአድማጭ እንንገር።»

ወንበሩን አዞረና ፈገግ አለ። «‹አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም› ስትዪ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም? አሁን አንድ ሰው ይዘሽ መጣሽ?»

«ልክ ነው፤ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም። እንግዲያው አምስቱንም ያውርዷቸው።»

ፈገግታው ጠፋ። «ዱቄቱ ገደላት ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«አልጽፍም። አላውቅማ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ዜናው?»

«ድናለች ብለን ያወጅንላት ሴት አልዳነችም። ክኒን ማቆም ሊገድል ይችላል፤ ይህንን ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛ ደግሞ ስታቆም አጨብጭበንላታል። ይኼ ነው ዜናው።»

«ደካማ ነው» አለኝ። ቃሉ ይህ ነበር፤ ደካማ። የአስካለን ድምፅ «ለቤተሰቡ ክብር ሲባል» አስወረደ። የቀሩት አራቱ ቀጠሉ።

አቶ ሽብሩ ደግሞ ከሌላ በኩል መጣብኝ። የጣቢያው በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ገደሏት በይልኝ» አለኝ። «በሬዲዮ ባይሆን በጋዜጣ ጻፊልኝ። ስሙን ጠርተሽ ‹ዱቄቱ ገደላት› በይልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«ጋሽ ሽብሩ፣ እሱን ማወቅ አልችልም። ክኒናቸውን የሚውጡ ሰዎችም አንዳንዴ ይወድቃሉ። ማለት የምችለው አልዳነችም ነበር፣ ማቆሟም አደገኛ ነበር ነው። ከዚያ ካለፍኩ እኔም እንደ ነጋዴው ሆንኩ ማለት ነው።»

«አንቺም ከነሱው ጋር ነሽ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእድር ስብሰባ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ሰው በሥራ ዘመኑ አንድ የማይሽር ሽንፈት አለው፤ የእኔ ይህ ነው። ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ልክ መሆኔ ግን አንድም ሰው ክኒኑን እንዲውጥ አላደረገም፤ ጽፌ የሰጠሁት ዘገባ አልተነበበም። በሳምንቱ አለቃዬ ጠራኝና በባልደረቦቼ ሁሉ ፊት «ለቅሶ ከወደድሽ የሚስማማሽን ክፍል አግኝቼልሻለሁ» አለኝ። የሞት ማስታወቂያ መቀበያ። ሰው ሳቀ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያው መስኮት ኋላ ተቀምጬ «ቀብር ነገ በስድስት ሰዓት» የሚል ጽሑፍ አረምኩ። ይህን ያደረገ ሰው ነው «ለእውነት የቆመች» ብሎ የሸኘኝ።

አሁን ወደ ዘይነባ ሱቅ ልመለስ።

ዘይነባ ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ሱቅ አላት። ዕድሜ ልካችንን ተጎራብተናል፤ እሷ ስታኮርፍ እኔ፣ እኔ ሳኮርፍ እሷ እየታረቅን። ግፊት አለባት፤ ክኒኗን ከሳሙናው መደርደሪያ ጥግ ነበር የምታስቀምጠው። ሳሙና ልገዛ ስገባ ክኒኑ ቦታው ላይ የለም።

«ብርቄ፣ ነይ ነይ፣ ይችን ስሚ!» ብላ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ደቀነችው።

«ክኒኑን ወረወርኩት!» አለ ስልኩ። ሳቅ። «ድኛለሁ! ምኔን ያመኛል?» ሳቅ።

ስልኩን ከእጇ ወስጄ አየሁት። ቪዲዮው ላይ የምትታየው ሌላ ሴት ናት፤ ነጭ ጋውን የለበሰች። የሚሸጠው ዱቄት ሳይሆን እንክብል ነው። ቻናሉ የቀድሞ አለቃዬ የከፈተው ነው። ድምፁ ግን የአስካለ ነው። ከጣቢያው ሲወጣ የወሰደውን ቅጂ አውጥቶ፣ የሞተችን ሴት በማታውቀው መድኃኒት ላይ አስመስክሯታል።

«ዘይነባ፣ ክኒንሽስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ተውኩት። ምን ሆንኩ? ይኸው ቆሜ እየሸጥኩልሽ!»

«ግፊት እኮ አያምም። የማያምም በመሆኑ ነው የሚያታልለው። ይኼ ነገር ማን ላይ ተሞክሮ፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ…»

«ኧረ በቃ! አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር አይሆንም ነው። ሬዲዮ እያለሽም አይሆንም፣ ጡረታ ወጥተሽም አይሆንም! ሴትዮዋ እየሳቀች እየነገረችኝ አንቺ ታኮርፊኛለሽ!»

«ይቺ ሴት ሞታለች።»

ቁጣዋ በረደ። «ወላሂ በይ?»

«ሞታለች።»

«በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። «እሷም ድምፅ ናት፣ አንቺም ድምፅ ነሽ። በምን አውቃለሁ?»

በተዋወቅንበት ዘመን ሁሉ ከአፏ ከወጣው ይህን የመሰለ ጥሩ ጥያቄ አልሰማሁም። «ሱቁን ዝጊና ተከተዪኝ» አልኳት።

ዳገቱን ሁለታችንም እያለከለክን ወጣን። እሷ ባረፈች ቁጥር እኔ እየፈራሁ ፊቷን አያለሁ። አቶ ሽብሩ በሩን ከፍቶ እግሩን ሽመና ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ እየሸመነ ነው። እኔን ሲያይ ወደ ክሩ ዞረ። ግቡም አላለን፤ ሂዱም አላለን። ዘይነባ «አሰላሙ… እንዴት ዋሉ፣ አባባ» ብላ ስልኳን አወጣችና አስጮኸችው።

«ክኒኑን ወረወርኩት!»

እግሩ መርገጫው ላይ ቀጥ አለ። ክር መወርወሪያው ከእጁ ወድቆ ጉድጓዱ ውስጥ ተንከባለለ። ሳቁ እስኪያልቅ ሰማው።

«ሚስቴ ናት» አለ። «ይህን ብላ በአምስተኛው ወር ቀበርኳት።» ከዚያ ስንት ዓመት ያልሰጠኝን ፊት ወደ እኔ አዞረ። «አንቺ። ዛሬስ ገደላት ትያለሽ?»

ማለት ቀላል ነበር። ዘይነባ አጠገቤ ቆማለች፤ «አዎ» ብል ሮጣ ወደ ክኒኗ ትመለሳለች። እሱም ምናልባት «ግቢ፣ ተቀመጪ» ይለኛል። ጋሽ ወልዴ በሕይወት የለ፣ ማን ይታዘበኛል?

«አልልም» አልኩት። «አላውቅም። አልዳነችም ነበር፤ እሱን አውቃለሁ።»

ቀጥሎ ለዘይነባ ነበር የተናገረው።

«ይቺ ሴትዮ ግትር ናት፣ እህቴ። በዚያ ሐዘኔ ላይ፣ በር ላይ ቆሜ፣ አንዲት ቃል ጨምሪልኝ ብዬ ለመንኳት። አልጨመረችልኝም። አላናግራትም፤ ዛሬም ተቀይሜያታለሁ። ግን ለእኔ ያልዋሸች ለአንቺ አትዋሽም። ሂጂና ክኒንሽን ዋጪ።»

ጎንበስ ብሎ መወርወሪያውን ፈለገ። እኛም ወጣን። ከበሩ ሳንርቅ «የሬዲዮዋ!» ብሎ ጠራኝ። «ድምፅዋን አስወርጂልኝ።»

ከዚያው ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ግፊቷን ለክታ ቁጥሩን ስታይ ዘይነባን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ሐኪም ሮጠች። ዘይነባ ያን ቀን አልቀለደችም። ክኒኑ ዛሬ ሳሙናው መደርደሪያ ላይ ተመልሷል፤ ስገባ ሳትጠየቅ ትጠቁመኛለች።

አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ። «ብርቅነሽ! ጤና ነሽ?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው «ቪዲዮ የሚጭኑት ልጆቹ ናቸው፤ እነግራቸዋለሁ» አለ። አልነገራቸውም። ከቪዲዮው ሥር አስተያየት ጻፍኩ። «የምትሰሟት ሴት አርፋለች። ክኒኗን አቁማ ነበር። እንክብላችሁን አይታው አታውቅም። ገደላት አላልኩም፤ ድናለች ያላችሁ ግን እናንተ ናችሁ።» ጠፋ። እንደገና ጻፍኩ። ጠፋ። ዘይነባ በራሷ ስልክ «እኔም አቁሜ ነበር፣ ስቱዲዮ ጥሩኝ እንጂ!» ብላ ጻፈች። የእሷም ጠፋ።

የአስካለ ድምፅ ይህን በምጽፍበት ሰዓት እዚያው አለ። አቶ ሽብሩ ቃል ባያስገባኝም ቃል የገባሁ ያህል ሆኖብኛል። «ደካማ» ተብሎ ያልተነበበውን ዘገባዬን ስለዚህ እዚህ አሰፈርኩት፤ ከዚህ ላይ አለቃዬ መሰረዝ አይችልም።